ቃሉ ከጄኔራሉ ይቀድማል

እ.ኤ.አ. በ1744 ለንደን ውስጥ ጆን ኒውበሪ የሚባል አሳታሚ ለልጆች የምትሆን ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ዋጋዋ ስድስት ፔንስ ነበር፤ ሁለት ፔንስ ለጨመረ ግን ለወንድ ልጁ ኳስ፣ ለሴት ልጁ ደግሞ የእስፒል መሰኪያ ትራስ አብሮ ይሰጠዋል። ኳሱም ትራሱም ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ልጁ መልካም ሲሠራ በቀዩ በኩል፣ ሲያጠፋ በጥቁሩ በኩል እስፒል ይሰካበታል። መጽሐፏ ፊደል ማስቆጠሪያም ናት፤ በየገጹ አንድ ጨዋታ በትንሽ ሥዕልና በጥቂት ስንኞች ይተዋወቃል። ከገጾቹ በአንዱ አናት ላይ «ቤዝ-ቦል» ተብሎ ተጽፏል። በሥዕሉ ተጫዋቾቹ ከእንጨት ምሰሶዎች አጠገብ ቆመዋል። ግጥሙ ደግሞ ኳሱን የመታው ልጅ ወደ ተመደበለት ምሰሶ ሮጦ፣ ከዚያም ወደ ቤት እንደሚመለስ ይናገራል። እስካሁን በታወቀው መረጃ የቤዝቦል ስም በኅትመት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህች መጽሐፍ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ልጆች ለብዙ ዘመን ያደጉት ግን በሌላ ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ የጨዋታው ፈጣሪ አብነር ደብልዴይ ነው፤ ዘመኑ 1839፣ ቦታው የኒው ዮርክ ግዛቷ ኩፐርስታውን። ደብልዴይ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር በፎርት ሰምተር ምሽግ ከሰሜኖቹ በኩል የመጀመሪያውን መድፍ የተኮሰ፣ በኋላም ጄኔራል የሆነ ስመ ጥር ወታደር ነበር። ታሪኩን ያጸደቀለት በ1905 የተቋቋመ ኮሚሽን ነው። ከኮሚሽኑ ጀርባ የነበረው አልበርት ስፖልዲንግ የቀድሞ ኳስ ወርዋሪ፣ የስፖርት ዕቃ አምራችና የቤዝቦል ዓመታዊ መጽሐፍ አሳታሚ ሲሆን፣ ጨዋታው ከእንግሊዝ መጣ ሲባል ያንገበግበው ነበር። በተቃራኒው ወገን የቆመው ደግሞ ጋዜጠኛው ሄንሪ ቻድዊክ ነው፤ እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ ቤዝቦል ራውንደርስ ከተባለው የእንግሊዝ ልጆች ጨዋታ ወጣ ብሎ የሚከራከር ሰው። ኮሚሽኑ በእጁ የነበረው ዋና ማስረጃ አብነር ግሬቭስ የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከትዝታው የጻፈው ደብዳቤ ነበር። በ1907 ማብቂያ ላይ ለደብልዴይ ተፈረደለት።

ፍርዱን የሻረው ወረቀት ነው። ደብልዴይ በ1839 የዌስት ፖይንት ጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። በ1893 እስኪሞት ድረስም ቤዝቦልን ፈጠርኩ ብሎ አያውቅም። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረው ሮበርት ሄንደርሰን በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ የጨዋታውን ሐረግ እየመዘዘ ወደ እንግሊዝ የልጆች መጻሕፍት ወሰደው። ዴቪድ ብሎክ ደግሞ በ2005 ባወጣው መጽሐፍ አንድ እርምጃ ሄደ፦ ራውንደርስ የሚለው ስም በኅትመት የታየው በ1828 ነውና ቤዝቦል የሚለው ስም ከአባቱ ተብዬ ሰማንያ አራት ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ ስፖልዲንግ ብቻ ሳይሆን ቻድዊክም ነገሩን አልጨበጠውም ነበር። ጄን ኦስተን በ1790ዎቹ መጨረሻ ጽፋው ከሞተች በኋላ በታተመላት «ኖርዛንገር አቢ» በተሰኘው ልብ ወለድ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በአሥራ አራት ዓመቷ ከመጽሐፍ ይልቅ ክሪኬትና ቤዝቦል ትወድድ እንደነበር እግረ መንገዷን ትነግረናለች። ደራሲዋ ቃሉን ለማብራራት አንዲት ሐረግ አልጨመረችም፤ አንባቢዎቿ ያውቁታልና።

በአሜሪካም ምድር ቢሆን ቃሉ ከጄኔራሉ ይቀድማል። የማሳቹሴትስ ግዛቷ ፒትስፊልድ ነዋሪዎች በ1791 ያወጡት ደንብ፣ አዲሱ የመሰብሰቢያ ቤታቸው መስኮቶች እንዳይሰበሩ ከሕንፃው በሰማንያ ያርድ ርቀት ውስጥ የኳስ ጨዋታ ይከለክላል። ከተከለከሉት ጨዋታዎች ስም ዝርዝር ውስጥ ቤዝቦል አለበት። ይህን ሰነድ የታሪክ ጸሐፊው ጆን ቶርን ያገኘው በ2004 ነው። ደብልዴይ ያኔ ገና አልተወለደም፤ የተወለደው በ1819 ነው። የሆነው ሆኖ በ1939 የቤዝቦል የዝና አዳራሽና ሙዚየም የተከፈተው በኩፐርስታውን ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ወደ ቃሉ እንግባ። «ቦል» ኳስ ነው፤ ከጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ፣ ብዙ የማያነጋግር ቃል። የሚያነጋግረው «ቤዝ» ነው። የሩቅ ሥሩ ግሪክኛው «ባሲስ» ሲሆን ትርጉሙ እርምጃ ማለት ነበር፤ መሄድንና መርገጥን ከሚያሳይ ግስ የወጣ። ከእርምጃ ተነሥቶ የሚረገጠውን ነገር ያዘ፤ ቀጥሎ የሐውልትና የዓምድ መቆሚያ ሆነ። በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ መሠረት ማለት ነበር። በሜዳው ላይ ግን ሯጩ ካልነካው ቤዝ ዋጋ የለውም፤ ቃሉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ተመልሶ እግር ሥር ገባ። ይህን ሐረግ የሚጠራጠሩ ሊቃውንትም አሉ። እነሱ እንደሚሉት የልጆች ጨዋታው «ቤዝ» በመካከለኛው ዘመን «የእስረኞች አጥር» ተብሎ ከሚታወቅ የአባሮሽ ጨዋታ የወረሰው ስም ነው፤ አጥር ማለት የሆነው «ባርስ» በአነጋገር ተበላሽቶ «ቤዝ» መሰለ። እኔ ሁለተኛው ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። ልጆች የጨዋታ ስም የሚወርሱት ከሌሎች ልጆች እንጂ ከግሪክ ሊቃውንት አይደለምና።

ሯጩ አንደኛን፣ ሁለተኛንና ሦስተኛን ቤዝ ረግጦ ሲያበቃ የሚደርስበት ቦታ አራተኛ አይባልም። «ሆም» ይባላል፤ ቤት። ቃሉ በኒውበሪ ግጥምም ውስጥ እንዳለ አይተናል። በዚህ ስም ላይ ከማንም በላይ የተመራመረው ባርትሌት ጂያማቲ ይመስለኛል። የሕዳሴ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሊቅና የዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበረ፣ በኋላም የቤዝቦል ሊግ ኮሚሽነር የሆነ ሰው ነው። በሞተበት በ1989 የታተመችው ትንሿ መጽሐፉ፣ ተጫዋቹ ከቤት ወጥቶ እየተሳደደ ወደ ቤት ለመመለስ የሚያደርገውን ጉዞ ከሆሜር ኦዲሴይ ጋር አያይዛ ታስተያያለች። ሌሎች ሕዝቦች ጨዋታውን ሲቀበሉ ስሙን እንደየልባቸው ሰይመውታል። ፊንላንዶች ከቤዝቦል ተነሥተው የራሳቸውን ብሔራዊ ጨዋታ ሲያበጁ ቤዙን «ጎጆ» አሉት፤ የወፍ ጎጆ፤ ጨዋታውም «የጎጆ ኳስ» ሆነ። ጃፓኖች በ1894 ካናኤ ቹማን የተባለ ሰው ባቀረበው «ያክዩ» በሚለው ቃል ረጉ፤ የሜዳ ኳስ ማለት ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ ታላቁ የሃይኩ ገጣሚ ማሳኦካ ሺኪ እነዚያኑ ሁለት የፊደል ምልክቶች ለብዕር ስሙ ተጠቅሞባቸው ነበር፤ የቤት ስሙ ኖቦሩ ስለነበር «ኖ-ቦሩ» ብሎ ከሜዳና ከኳስ ጋር አጫወተው። ጃፓኖች በ2002 ገጣሚውን የቤዝቦል የዝና አዳራሻቸው ውስጥ አስገብተውታል፤ ይገባዋል።

ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች ቃሉን ሁሉ የእኛ ነው ማለት ይወዳሉ። ግራኝ ወርዋሪ «ሳውዝፖ» ይባላል፤ የደቡብ መዳፍ እንደማለት። የሚነገረው ታሪክ ያምራል፦ የከሰዓት ፀሐይ ዓይኑን እንዳትመታው መቺው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል፤ ከፊቱ የቆመው ወርዋሪ ወደ ምዕራብ ያያል፤ ስለዚህ ግራ እጁ በደቡብ በኩል ይውላል። አቅጣጫው በትክክል ይገጥማል። ችግሩ ግን ቃሉ ለግራ እጅ መጠሪያነት በጋዜጣ ላይ የታየው የኒው ዮርኩ ኒከርቦከር ክለብ በ1845 የቤዝቦል ደንቡን ከመጻፉም በፊት መሆኑ ነው። ተቀያሪ ወርዋሪዎች የሚያሟሙቁበት ቦታም «ቡልፔን»፣ የበሬ በረት፣ የተባለው በየሜዳው አጥር ላይ በሬ የተሣለበት የቡል ደርሃም ትምባሆ ማስታወቂያ ስለነበረ ነው ይላሉ። ቃሉ ግን ከዚያ በፊት እስረኞች ታጉረው የሚቆዩበት ግቢ ስም ነበር።

እንዲህ ያለውን እህሉን ከእንክርዳዱ የለዩልን መጻሕፍት ናቸው። ኤድዋርድ ኒኮልስ በ1939 በፔንሲልቬንያ ግዛት ለዶክትሬቱ የቤዝቦል ቃላትን ታሪካዊ መዝገብ አዘጋጀ። ከእሱ በኋላ ፖል ዲክሰን በ1989 የመጀመሪያውን እትም ያወጣው መዝገበ ቃላት በ2009 ሦስተኛ እትሙ ከአሥር ሺህ በላይ ቃላትን ይዟል። ለአንድ ጨዋታ አሥር ሺህ ቃል! መጽሐፉ ቃሉን ተርጉሞ ብቻ አያልፍም፤ መጀመሪያ በየትኛው ጋዜጣ፣ በየትኛው ቀን እንደታየ ይመዘግባል፣ ተረቱንም ከማስረጃው አጠገብ አስቀምጦ ያስፈርዳል። ከታወቁት የቤዝቦል መጻሕፍት፣ ከበርናርድ ማላመድ «ዘ ናቹራል» እና ከሮጀር ካን «ዘ ቦይስ ኦቭ ሰመር» ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ቦታው ነው።

መጽሐፍ ቃልን መዝግቦ ብቻ አይተውም፤ ይወልዳልም። ማይክል ልዊስ በ2003 ድሃው የኦክላንድ ቡድን በቁጥር ስሌት ሀብታሞቹን እንዴት እንደተገዳደረ ጽፎ «ማኒቦል» ብሎ ሰየመው፤ በ2011 ብራድ ፒት የተወነበት ፊልም ሆነ። ዛሬ ቃሉ የተናቀን ችሎታ በስሌት ፈልጎ በርካሽ መግዛት ለሚባለው ሁሉ ያገለግላል። ሊቨርፑልን በ2010 የገዛው ጆን ሄንሪ የቤዝቦሉ ቡድን የቦስተን ሬድ ሶክስ ባለቤት ነውና፣ የሊቨርፑል ዝውውር በተነሣ ቁጥር ማኒቦል አብሮ ይነሣል። ወጣቶቻችን በየሳምንቱ ቡድን የሚያዋቅሩበት ፋንታሲም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። በ1980 የመጽሔት አርታኢው ዳንኤል ኦክረንትና ወዳጆቹ በወረቀት ላይ ቡድን እየመሠረቱ በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት የሚወዳደሩበትን የቤዝቦል ጨዋታ ዘረጉ፤ ስሙንም ከሚሰባሰቡበት የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ወስደው «ሮቲሰሪ» አሉት፤ ሥጋ የሚጠበስበት ቤት ማለት ነው። ደንቡ በ1984 መጽሐፍ ሆኖ ታተመና አገር አዳረሰ።

እንግሊዝኛው «ፋን» በዚሁ ጨዋታ ዙሪያ በ1880ዎቹ የተስፋፋ ቃል ነው። አብዛኛው ሊቅ «ፋናቲክ» ከሚለው ያጠረ ነው ይላል፤ የእሱም ሥር ላቲኑ «ፋኑም» ነው፤ ቤተ መቅደስ። በመቅደሱ መንፈስ የሰፈረበት ሰው ነው እንግዲህ ፋን። እኛ ደግሞ ከጣልያን የወሰድነው «ቲፎዞ» አለን። የእሱ ሥር ከነበልባል ትኩሳቱ ጋር «ቲፎ» ነው፤ ተስቦ። ጣልያኖች የበሽታውን ስም ከሕክምና ቤት አውጥተው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለኳስ ደጋፊ ሰጡት፤ ከዚያም ወደኋላ ቢኬድ ግሪክኛው «ቲፎስ» ይገኛል፤ ጭስና የአእምሮ መጋረድ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ቲፎዞ ይህን ሳያውቅ ይጨፍራል።

ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካኝ ግን «ጃዝ» ነው። ሥሩን ከአፍሪካ ቋንቋዎች፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከዐረብኛም ለመሳብ ያልተሞከረ የለም። ጋዜጦቹ የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው። በ1912 ሚያዝያ ወር የሎስ አንጀለስ ታይምስ፣ ቤን ሄንደርሰን የተባለ የፖርትላንድ ወርዋሪ ስለ አዲስ አወራወሩ የተናገረውን አተመ፤ ኳሱ እየተወላገደ ስለሚሄድ መቺው መላ አያገኝለትም፣ ስሙንም «ጃዝ» ብዬዋለሁ አለ። በዓመቱ፣ በ1913 መጋቢት፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቡለቲን የስፖርት ጸሐፊ ግሊሰን፣ ሲልስ የተባለው ቡድን ሶኖማ ውስጥ ቦይስ ስፕሪንግስ በሚባል ፍል ውኃ ሲሠለጥን ለተጫዋቾቹ ጉልበትና መንፈስ መግለጫ ቃሉን ደጋግሞ ይጠቀምበት ጀመር። ከዚህ በፊት በ1860 የተመዘገበ «ጃዝም» የሚል ቃል አለ፤ ወኔ፣ ብርታት። ብዙዎች ጃዝን ከእሱ ያያይዙታል። በ1915 ቺካጎ ውስጥ ቃሉ በጋዜጣ የሙዚቃ ስም ሆኖ ታየ፤ በ1917 በሸክላ ላይ ወጣ። የአሜሪካ የዘዬ ማኅበር ወደ አዲሱ ሺህ ዓመት ሲሻገር የሃያኛው ክፍለ ዘመን ቃል ብሎ የመረጠው ይህንኑ ነው።

ሙዚቃውን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ስሙን ያመጡት ነጭ የስፖርት ጋዜጠኞችና አንድ ወርዋሪ። ይህ ልዩነት ሊድበሰበስ አይገባውም። ዱክ ኤሊንግተንን ጨምሮ ብዙ ታላላቅ ሙዚቀኞች በስሙ ደስተኞች ያልነበሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲማር፣ ትምህርት ቤቱ ከሬድ ሶክስ ሜዳ ከፌንዌይ ፓርክ በእግር የሚደረስበት ነበር። በኋላ ለሥራው «ኢትዮ-ጃዝ» የሚል ስም ሲሰጥ የአገሩን ስም ከአንድ የቤዝቦል ሜዳ ቃል ጋር አጋባ።

የአገራችን ስም ግን ከዚያ በፊት ብቻውን ቤዝቦል ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አገባቡም ያማል። በአገራችን ትውፊት ስሙ ከኢትዮጲስ ጋር ይያያዛል፤ የግሪክኛ መዝገበ ቃላት ግን «አይቲዮፕስ» ብለው፣ የተቃጠለ ፊት፣ ይፈቱታል። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም ኩሽ በዚህ ቃል ተተካ፤ ከዚያ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ገብቶ ለጥቁር ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በአሜሪካ ቃሉ ሁለት ኑሮ ኖሯል። ጥቁሮቹ መዝሙረ ዳዊት ላይ ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተጻፈውን ይዘው እንደ ተስፋ ቃል ተቀበሉት፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1808 የተመሠረተው ቤተ ክርስቲያናቸው አቢሲኒያን ባፕቲስት ይባላል። በሌላ በኩል ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው ጥቁርን የሚሳለቁበት መድረክ ከ1840ዎቹ ጀምሮ «የኢትዮጵያ» ዘፈንና ትርኢት ይባል ነበር። የተቃጠለ ፊት ያለው ቃል፣ በተቃጠለ ቡሽ የጠቆረ ፊት ላይ ተለጠፈ።

ፋሺስት ኢጣልያ ልትወርረን ስትዘጋጅ የመጀመሪያው ኑሮ ጎላ። ሰኔ 25 ቀን 1935 ጥቁሩ አሜሪካዊ ቡጢኛ ጆ ሉዊስ ግዙፉን ጣልያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲያሸንፍ ውድድሩ የተካሄደው በያንኪ ስታዲየም ነበር፤ ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው በሞላበት የቤዝቦል ሜዳ። ጥቁር አሜሪካውያን በቡጢው ውስጥ ኢትዮጵያን አዩ።

በእነዚያው ዓመታት፣ በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከማያሚ ተነሥቶ አገር ላገር እየዞረ የሚጫወት የጥቁሮች ቡድን «ኢትዮጵያን ክላውንስ» የሚል ስም ያዘ፤ የኢትዮጵያ አስቂኞች። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ይቀባሉ፣ የአፍሪካ ስም ነው የተባለ የፈጠራ ስም ይለጠፍላቸዋል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የጥላ ኳስ የተባለውን ያሳያሉ፦ ኳስ የለም፤ ወርዋሪው ባዶ እጁን ይወረውራል፣ መቺው አየሩን ይመታል፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያለው ተወርውሮ ያልነበረውን ኳስ ከመሬት ይለቅምና ወደ አንደኛው ያስወነጭፋል፤ ፍጥነቱ ዓይን ስለሚያታልል ተመልካቹ ኳሱን ያየ ይመስለዋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ችሎታ ቀላል አይደለም። እውነተኛው ኳስ ሲመጣም አያሳፍሩም፤ በ1941 የዴንቨር ፖስት ውድድርን አሸንፈዋል። ሆኖም የጥቁሮች ሊግ ባለቤቶችና ጋዜጠኞች ስሙንም ቀለሙንም ተቃወሙ። ቡድኑ በ1943 የኔግሮ አሜሪካን ሊግን ሲቀላቀል «ኢትዮጵያን» የሚለውን ትቶ ሲንሲናቲ ክላውንስ ሆነ፤ በኋላም ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ። በ1952 ከአላባማዋ ሞቢል የመጣ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ለዚህ ቡድን ተጫወተ፤ ሃንክ አሮን ነው፤ በ1974 የቤብ ሩትን የ714 ሆም ራን (በአንድ ምት ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ቤት መግባት) ክብረ ወሰን የሰበረው።

በ2020 ማብቂያ ላይ የአሜሪካ ዋና ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የጥቁሮች ሊጎች እኩያው አድርጎ ተቀበላቸው፤ የሲንሲናቲና የኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ጨዋታዎችም በዚያ መዝገብ ገቡ። የአገራችንን ስም ይዘው የተጫወቱባቸው ዓመታት ከሊጉ ውጭ ስለነበሩ አልገቡም፤ የሚፈልጋቸው ሰው የሚያገኛቸው እንደ ፒትስበርግ ኩሪየር ባሉ የዚያ ዘመን የጥቁሮች ጋዜጦች ገጾች ላይ ነው።